የጦይባ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ

ግንቦት 19፣ ሰቆጣ

ለጦይባ ፈተና አንድ ወር ቀረው። ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንቅልፍ አልመለስ ስላለኝ ይህን ደብተር ከፈትኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ለራሴ አንዲት መስመር ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን በሆዴ የሚመላለሰውን የማወራለት ሰው አጣሁ። ለጦይባ አልነግራት፣ ነገሩ የእሷው ነው። ለእናቴ አልነግራት፣ ግራ ጎኗ ሽባ ከሆነ ወዲህ ትንሽ ነገር ስትሰማ ታለቅሳለች።

ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ጦይባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሀሚዳ አሥራ ስምንት። ሁለቱም ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። የጦርነቱ ዓመት እዚህ ትምህርት ቤት ስላዘጋ ጦይባ አንድ ክፍል ወደኋላ ቀረች፣ ታናሿም ደረሰችባት። ሀሚዳ የምትማረው አዲስ አበባ፣ ወንድሜ ከሪም ዘንድ ነው። እናታቸው ሰዓዳ በሞተች በወራት ውስጥ ከሪም ደውሎ "አንዷን ልውሰድልህ" አለኝ። ሀሚዳን ሰጠሁት። ሀሚዳ በትምህርቷ ደከም ያለች ነበረች፤ ሦስት ጊዜ ካላስረዷት አይገባትም። ጦይባ ግን እኔ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን የምትናገር ልጅ ናት። ጎበዝ የትም ቢሆን ይወጣዋል፣ እርዳታ የሚያስፈልገው ደካማ ነው ብዬ ወሰንኩ። የመምህር ውሳኔ ነበር። አሁንም ልክ ይመስለኛል።

የፊዚክስ መምህራችን በጥር ለእረፍት እንደወጣ ቀረ። ምትክ አልመጣም። ልጆቹ አራት ምዕራፍ ሳይማሩ ሊፈተኑ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የማውቀውን አሳያቸዋለሁ። የማውቀው ጥቂት ነው።

ግንቦት 28

የእርማት ክምር። ጊዜ የለም።

ጦይባ መጽሐፏን እናቴ አልጋ ግርጌ ዘርግታ ታነባለች። በአንድ እጇ አጥሚት ታጠጣታለች፣ በአንድ እጇ ገጽ ትገልጣለች። ቆሜ አየኋት።

ሰኔ 5

ሀሚዳ ደወለች። ስለ ፈተናው ሊያወሩ ጦይባ ስልኩን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩ ጀርባ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው ላይ ስለሆነ ይሰማኛል።

"ጦይቤ፣ የኤሌክትሪኩ ጥያቄ እኮ ቀላል ነው። ቤተ ሙከራ ገብተሽ ስትሠሪው አምፖሉ ሲደበዝዝ ታዪዋለሽ፣ ከዚያ በኋላ አይጠፋሽም።"

"እሺ" አለች ጦይባ። "እንዴት ሲያያዝ ነው የሚደበዝዘው?" ብላ ጠየቀች።

ሀሚዳ አስረዳቻት። ያቺ ሦስት ጊዜ ካልተነገራት የማይገባት ልጅ፣ በጥሞና፣ እንደ ደህና አስተማሪ፣ አንድ በአንድ። ጦይባ ጉልበቷ ላይ እየሣለች ትሰማለች።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ "አባ፣ አንተ አምፖሉ ሲደበዝዝ አይተህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አይቻለሁ።"

"እኔ የማውቀው ሲጠፋ ብቻ ነው" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አሁን ስጽፈው የሚያስቅ ነገር አላገኘሁበትም።

ሰኔ 12

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ያለፈው ዓመት ውጤት ተነሣ። የታሪክ መምህሩ የኔሰው ከየአካባቢው ያለፉትን ልጆች ቁጥር ስልኩ ላይ እያሳየን ነበር። የአንዳንዱ ከተማ ልጆች በመኪና ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፣ የእኛዎቹ በጣት ተቆጥረው።

"ጥያቄው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ማለፊያው አንድ። አንድ ያልሆነው አገሩ ነው" አለ።

የባዮሎጂ መምህርቷ ትንሣኤ ደብተር እያረመች ነበር። ቀና ሳትል "ታዲያ ለእኛ ልጆች ማለፊያው ዝቅ ይበል ነው የምትለው? እኔ ዝቅ ተደርጎልኝ ነው የገባሁት። አራት ዓመት ሙሉ 'በልዩ ሁኔታ የገባችው' እየተባልኩ ጨረስኩ። ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር" አለች።

"ባይቀንሱልሽ ዛሬ እዚህ ትቀመጪ ነበር?"

ብዕሯን አስቀመጠች። ኋላም "አልቀመጥም" አለች።

የኔሰው ቻይናም እንዲሁ ነው አለ። እዚያም የቤጂንግ ልጅ በዝቅተኛ ነጥብ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ፣ ለሩቅ ክፍለ ሀገር ልጅ ከእሱ በልጦ እንኳ በሩ አይከፈትለትም፤ ልጅ የትም ቢማር የሚፈተነው በተመዘገበበት አገሩ ነው። እንዲያ ከሆነ እዚያ ያለ አባት ከልጆቹ ማንኛዋ ትሂድ ብሎ አይመርጥም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እጣው አስቀድሞ ተጽፎለታል።

"እዚህ አገር ግን አቅም ያለው ልጁን ያሸሻል" አለ የኔሰው። ከዚያ እኔን አየና "ሙኽታርማ ግማሽ ሰው ነው፣ አንዷን አሽሽቶ አንዷን ለእኛ ተወልን" አለ። ሁሉም ሳቁ። ክፉ ሰው አይደለም የኔሰው። ጨዋታ ነው። ግን ከክፍል ክፍል እየተከተለኝ ዋለ።

ሰኔ 21

ጦይባ ዛሬ ሄደች። ፈተናው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ልጆቹ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው በአውቶቡሶቹ ተጫኑ። የጎረቤታችን የቄስ ገብረ አማኑኤል ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠቻት፤ "በያላችሁበት እግዜር ይቅደም" አለች።

ከመሄዷ በፊት የእናቴን ነገር አስረዳችኝ። ነጩ ክኒን ከምግብ በፊት፣ ቀዩ በኋላ። በግራ ጎኗ አትተኛ። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣት፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል። ውሃ ስትጠጣ አገጯን ዝቅ አድርግላት፣ አለዚያ ይሰነጋታል። ከእህል የምትወደው ይህ፣ የማይስማማት ያ። መዳፌ ላይ እየጻፍኩ ነበር፣ መዳፌ አልበቃ አለኝ። እናቴ አብራኝ ስትኖር አምስት ዓመት አልፏታል። ከዚህ ውስጥ ያወቅሁት የክኒኑን ቀለም ብቻ ነበር።

አውቶቡሱ በር ላይ ዞር ብላ "አባ፣ ካለፍኩ እማማን ማን ይይዛታል?" አለችኝ።

"እሱን ለእኔ ተይው።"

"አስበህበታል?"

"አስቤበታለሁ" አልኳት።

አላሰብኩበትም።

ሰኔ 25

ዛሬ ፊዚክስ ነው። አራት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ቆምኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እናቴን ውሃ ሰነጋት። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሮጣ መጥታ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። "ጦይባ የታለች?" ትላለች እናቴ። ነገርኳት። ከአፍታ በኋላ ደግሞ "ጦይባ የታለች?"

ሐምሌ 2

መጣች። ከስታለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የእናቴን ጀርባ ገልጣ አየች። ቀልቷል። ቅባቱን ፈልጋ ቀባቻት።

"ፊዚክሱስ?" አልኳት።

"የመጀመሪያዎቹን ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳነበው ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፣ የሚሉትን ግን አላውቅም። ገመትኩ።" ከዚያ ደግሞ "ከጎኔ የአበርገሌ ልጅ ነበረች። ወረቀቱ ሲሰጣት ስሟን ጻፈችና እስኪሰበሰብ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እኔ እንኳ ገምቻለሁ" አለች።

ሐምሌ 30

ዝናብ ዘግይቶ ገባ፣ ሲገባም በኃይሉ። ጦይባ ጎርፉ ወደ ቤት እንዳይገባ ጓሮውን ለክታ ቦይ አወጣች። በገመድና በውሃ በተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የመሬቱን ዝቅታ የለካችው። ውሃው እሷ ባለችው መንገድ ሄደ። የመንገድ መሐንዲስ መሆን ነው ምኞቷ። "መጀመሪያ የአበርገሌን መንገድ ነው የምሠራው" ትላለች ለእናቴ፤ እናቴም በግማሽ አፏ ትስቃለች።

የወሰንኩት ልክ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ የትም ትወጣዋለች።

ጳጉሜን 3

ውጤት ሊወጣ ነው ይላሉ። ኔትወርክ የለም።

መስከረም 6

ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ጦይባ በሩ ላይ ቆመች። በሥራ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ከደብተር የተቀደደች ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ከስልክ ላይ ገልብጣ የጻፈችው ነው። ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው ንጹሕ ነው።

ሒሳብ 74። እንግሊዝኛ 43። ፊዚክስ 31። ኬሚስትሪ 42። ባዮሎጂ 47። አፕቲትዩድ 52።

አልደመረችውም። ለእኔ ተወችልኝ። መደመር ሥራዬ ነው፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ። ማለፊያው ሦስት መቶ ነው። ሦስት ጊዜ ደመርኩት።

"ሒሳቡ ያንተ ነው" አለችኝ፣ ልታጽናናኝ።

ቤት ስንደርስ ሀሚዳ ደወለች። ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ አምጥታለች። የራሷን ከነገረችን በኋላ "ጦይቤስ?" አለች። ጦይባ ነገረቻት። ሀሚዳ ማልቀስ ጀመረች። ጦይባ ያን ጊዜ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ እልል አለች። ሦስት ጊዜ፣ ረጅም እልልታ፣ ጎረቤት የሚሰማው። "አንቺ ልጅ፣ በደስታ ቀን አይለቀስም" አለቻት። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጦይባ አለፈች ብላ እልል እያለች ከአጥሩ ወዲያ መጣች። ጦይባ በር ላይ ተቀብላ "ሀሚዳ ናት" አለቻት።

ከዚያ ለእናቴ ውሃ ልታሞቅ ገባች።

መስከረም 7

ከእኛ ትምህርት ቤት ሦስት ልጆች አለፉ። የኔሰው ዛሬ አልቀለደም።

በሒሳብ ታናሿን በሃያ ሦስት ነጥብ ትበልጣታለች። በፊዚክስ በአሥራ ስምንት ታንሳለች። እኔ ያስተማርኳትን አወቀች፣ ያላስተማሯትን አላወቀችም። ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። የጎደላት አሥራ አንድ ነጥብ ነው፤ አሥራ አንድ ነጥብ ማለት ስድስት ጥያቄ ነው። ስድስት ጥያቄ አንድ አስተማሪ በአንድ ሳምንት የሚያስተምረው ነው።

መስከረም 11

ይህን ልጻፈው።

ከሪም ደወለ። ኔትወርኩ የሚይዘው መስኮቱ ጋ ብቻ ስለሆነ ስልኩን እዚያ አስቀምጬ በድምፅ ማጉያ ነበር የምናወራው። ጦይባ እናቴን አልጋው ላይ ደገፍ አድርጋ ፀጉሯን ትሠራታለች። ከሪም ስለ ሀሚዳ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

"ስለ ጦይባ ግን ሆዴን በላኝ ወንድምዓለም። ያኔ እኮ ሁለቱንም ላክልኝ ብዬህ ነበር። ከልጆቼ ጋር ይተኛሉ፣ ቤቱ ይበቃል አልኩህ። አንዷ ትቅርልኝ ያልከው አንተ ነህ።"

የጦይባ እጅ ፀጉሩ ላይ ቆመ። ስልኩን አነሣሁ። "አልሰማህም፣ ይቆራረጣል" አልኩት። አልተቆራረጠም ነበር። ጦይባ ሹሩባውን ጨረሰች። ከወትሮው በዝግታ ጨረሰችው፣ ጫፉን አሰረች፣ ወጣች።

የዚህን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ አሁን ገልጬ አነበብኩ። "አንዷን ልውሰድልህ አለኝ" ይላል። እንዲያ አላለኝም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም በማያየው ደብተር። ለማን እንደዋሸሁ አላውቅም። ሰዓዳ ከሞተች ስድስት ወር አልሆነም ነበር፤ እናቴ ወድቃለች፤ እኔ እሳት ማንደድ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ሁለቱም ሄደው ከእናቴ አልጋ ጋር ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር ጦይባ፣ የእናቷን ቀሚስ አሳጥራ ለብሳ ወጥ ትሠራ ነበር። ጉብዝናዋ ኋላ የመጣ ምክንያት ነው።

መስከረም 12

ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል "አጎቴ ያለው እውነት ነው?" አለችኝ።

"እውነት ነው።"

"ጎበዝ ስለሆንሽ ነው ያስቀረሁሽ ብለኸኝ ነበር።"

"ጎበዝም ስለሆንሽ ነው።"

"ሀሚዳ ስትሄድ እኔ አላለቀስኩም፣ ታስታውሳለህ? አባ እኔን አምኖኝ ነው ብዬ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋም፣ ፊዚክሱ ሲቀርም ያን ቃል ይዤ ነው የተቀመጥኩት።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እማማን ያዢልኝ ብትለኝ እኮ እይዛት ነበር። መቼ እምቢ ብዬህ አውቃለሁ?"

ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ አራት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ።

ለምሳ ስመለስ ሳህኑን አቅርባልኝ "ይብሉ" አለች።

በብዙ ቤት ልጅ አባቱን እንዲህ ነው የሚጠራው፣ ነውር የለበትም። በእኛ ቤት ግን አንተ ነበርኩ። ጆሮዬ የተሳሳተ መስሎኝ ጠበቅሁ። "ውሃ ይጨመርልዎ?" አለችኝ።

መስከረም 29

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ዛሬ አመሰገነችልኝ። "ጦይባ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! እንቁጣጣሽ ካለፈ ወዲህ አንቱ ትልሃለች፣ የእኔዎቹ ምነው ከእሷ በተማሩ" አለች። አመሰግናለሁ አልኳት።

ጥቅምት 18

ሪሚዲያል የሚሉት አለ፤ ማለፊያው ለጥቂት ያመለጣቸው ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ማካካሻ የሚማሩበት። እንደገና ተፈትነው ካለፉ ይቀጥላሉ፣ ከወደቁ ይመለሳሉ። የጦይባ ስም ወጥቷል። የደረሳት በደቡብ በኩል ነው፣ ከዚህ አራት ቀን መንገድ። ሀሚዳ የተመደበችው እዚያው አዲስ አበባ ነው።

"እሄዳለሁ" አለች ጦይባ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከአፌ የወጣውን ልጻፈው፣ ይኸኛውን አልደብቅም። "ለአያትሽ ሰው እስካገኝ ትንሽ ብትቆዪ" አልኳት። ከዚያ ሁሉ በኋላ።

አየችኝ። አልተቆጣችም። "ምዝገባው ሐሙስ ያበቃል" አለች።

ወደ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ቀን ቀን እናቴን የምታይልኝ ሴት ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። ነጠላዋን አስተካክላ "እኔ አለሁ አይደል? ጋዝጊብላ ያለች እህቴም ሴት ልጅ አለቻት፣ እናመጣታለን። ይኼ ምን ያስጨንቃል" አለች። ተነሥቼ ልወጣ ስል "አቶ ሙኽታር፣ ያኔስ ለምን አልጠየቅኸኝም? ሰዓዳ ስትሞት። ልጅቷን እያየሁ አንጀቴን ትበላኝ ነበር፣ አንተ ዝም ስትል አልፈልግ ብለህ መሰለኝ" አለችኝ።

አጥሩ በመካከላችን ሃያ እርምጃ አይሆንም።

ጥቅምት 20

ሄደች። በጨለማ የሚነሣውን ሚኒባስ ትታ በጠዋቱ ነው የሄደችው፣ እናቴ እስክትነቃ ጠብቃ። ግንባሯን ሳመቻት፣ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ነገረቻት። ሻንጣውን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መንገዱን ሙሉ ልናገር አፌን እከፍታለሁ፣ ሰው ሰላም ይለናል፣ እዘጋለሁ። ረዳቱ ሲጣራ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። እንደ ሽማግሌ ልትሰናበተኝ ነበር።

"ይቅር በይኝ" አልኩ። ሞተሩ ተነሥቶ ነበር፤ የሰማችኝ አይመስለኝም። ሰምታም ሊሆን ይችላል።

ኅዳር 9

የጋዝጊብላዋ ልጅ መጥታለች። ደህና ልጅ ናት። እኔም እናቴን ማገላበጥ ተምሬአለሁ። አሁን አገጯን ዝቅ ማድረግ አልረሳም። ይህን ለመማር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሦስት ቀን ብቻ።

ኅዳር 17

ዛሬ ጦይባ ደወለች። ከሄደች አራተኛ ሳምንቷ ነው። ለሀሚዳ በየቀኑ እንደምትደውል አውቃለሁ፣ ሀሚዳ ትነግረኛለች። ፊዚክስ የሚያስተምራት ሰውዬ ቤተ ሙከራ አስገብቷታል አሉ።

"ሰላም ነዎት? ጤናዎ ደህና ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ ጦይባ። አንቺስ?"

"ደህና ነኝ። እማማን ያቅርቡልኝ።"

የምላትን ለአራት ሳምንት አዘጋጅቼ ነበር። ቃል በቃል አውቀዋለሁ። እናቴ ስትጨርስ እነግራታለሁ ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። የጦይባ ድምፅ በቀጭኑ ይሰማኛል፣ የምትለው ግን አይለይልኝም። አንድ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። እናቴም በግማሽ አፏ ሳቀች፤ "እሺ የኔ እናት፣ እሺ የኔ እናት" አለች። እጄ እስኪዝል ያዝኩላት።

ዝም ሲሉ ስልኩን ወደ ራሴ ጆሮ ወሰድኩት። ተዘግቷል።

እናቴ ዓይኔን እያየች "አንተንስ ምን አለችህ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"'አባ፣ አታስብ፣ ደህና ነኝ' አለችኝ" አልኳት።